ማታ ማታ የሚጠፋው ካሜራ፦ ጅማ ውስጥ አንድ ቤተሰብ በራሱ እጅ የዘረጋው የጥበቃ ካሜራ

ጉዳዩ የደረሰው ጅማ ውስጥ፣ ወደ ጅሬን ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ነው። የቤቱ እመቤት ከጎማ ወረዳ፣ ከቤተሰብ ማሳ የሚመጣላቸውን ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ዋጋው ደህና እስኪሆን ጓሮ ካለች መጋዘን ያቆዩታል። ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት የመጋዘኑ ቁልፍ ተሰብሮ ጆንያዎች ወጡ። ማን እንደወሰደ አልታወቀም። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ ጣጣው ከጠፋው ዕቃ ይብሳል። ጀንፈሉን ሲያራግፍ የዋለው የቀን ሠራተኛ ተጠረጠረ። ሰርቪስ ቤቶቹን የተከራዩት ተማሪዎችም ተጠረጠሩ። በግቢው ሰላምታ ቀዘቀዘ።

ካሜራ ይተከል ያሉት እናትየው ናቸው። የሚተክለው የመጀመሪያ ልጃቸው ሆነ። ባጃጅ ይጠግናል፤ እጁ ሥራ ያውቃል፤ ሽቦ አይፈራም። እኔ በዚሁ ከተማ የኔትወርክ ሥራ ስለምሠራ በየመሃሉ እየጠራኝ አብሬው አየሁ። ጉዳዩን የምጽፈውም አንድ ነገር በግልጽ ስላሳየኝ ነው። ካሜራ የሚገዛ ሰው ሜጋፒክስል ሲያወዳድር ይሰነብታል። ሽቦውን ግን ባለሱቁ ያቀበለውን ይዞ ይሄዳል። እዚህ ቤት ሥራውን ያበላሸውም ያስተካከለውም ሽቦው ነበር።

ለምን በሽቦ?

ልጁ መጀመሪያ ያሰበው በዋይፋይ የሚሠራውን ነበር። ሱቅ ውስጥ በደንብ ይሸጣል፣ መትከሉም ቀላል ይመስላል። ግቢው ግን አልፈቀደም። ቤቱ በእንጨትና ጭቃ የተሠራ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ጣሪያውም አጥሩም ቆርቆሮ ነው። ሳሎን ካለው ራውተር እስከ መጋዘኑ ያለው መንገድ ወደ 60 ሜትር ይሆናል። ስልኩን ይዞ ሲራመድ ምልክቱ ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠባጠበ። ዋይፋይ ካሜራም ቢሆን መብራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሽቦ መጎተቱ አይቀርም። ሽቦ ከተጎተተ አይቀር መረጃውንም ኃይሉንም የሚያመጣ አንድ የኔትወርክ ኬብል ይሻላል። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል፤ ግቢው ከዚህ በታች ነው።

የገዛው አራት ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ አንድ መቅጃ፣ ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክና አንድ ካርቶን ኬብል ነው። መቅጃው በራሱ ለካሜራ ኃይል የሚልክ ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ ሱቁ ባለ 12 ቮልት አዳፕተሮችና ትንንሽ ማገናኛ ጅራቶች ጨመረለት። ጅራቶቹ በኬብሉ ውስጥ ሥራ የሌላቸውን ሰማያዊና ቡናማ ጥንዶች ተጠቅመው 12 ቮልቱን ወደ ካሜራው ያደርሳሉ። ዋጋው ቀነስ ስላለ ልጁ ደስ አለው። ባጃጅም 12 ቮልት ነው፤ የሚያውቀው ዓለም ነው።

የት ይተከል?

ሁሉም ሰው ካሜራውን ከፍ አድርጎ መስቀል ይፈልጋል። ሌባ እንዳይነቅለው ነው፤ ስጋቱም ይገባል። የመጋዘኑ ካሜራ መጀመሪያ የተሰቀለው ከጣሪያው ጫፍ ሥር፣ ወደ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር። የተቀዳውን ስናየው ከሰው የሚታየው ኮፍያና ትከሻ ብቻ ነው። እናትየው ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የማንም ጭንቅላት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። ባለ 4 ሜጋፒክስል ምስል ወርዱ 2560 ፒክስል ነው። ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ 100 ዲግሪ ያህል ስፋት ያያል። 10 ሜትር ርቀት ላይ ይህ ሌንስ የሚያየው ስፋት ወደ 24 ሜትር ነው። ስለዚህ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 107 ፒክስል ገደማ ነው። የማያውቁትን ሰው መልክ ለይቶ ለመናገር የአውሮፓ የካሜራ ደረጃ በሜትር 250 ፒክስል ይጠይቃል። ሰው መኖሩን ለመለየት 25 ይበቃል፤ የሚያውቁትን ሰው ለማወቅ 125። ታዲያ ይህ ካሜራ መልክ የሚለየው እስከ 4 ሜትር ገደማ ላለ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ 8 ሜትር ገደማ የሚያውቁትን ሰው ብቻ ያሳውቃል፤ ከዚያ ያለፈው «አንድ ሰው አለፈ» ለማለት ይጠቅማል እንጂ «እገሌ ነው» አያሰኝም።

ይህን ካወቅን በኋላ አራቱም ቦታ ተቀየረ። ሁለቱ ካሜራዎች ለመልክ ተመደቡ። አንዱ ሰው የግድ በሚያልፍበት በውጭው በር፣ ሌላው ከመጋዘኑ በር 3 ሜትር ያህል ርቆ፣ ሁለቱም 2.5 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተተከሉ። የቀሩት ሁለቱ ግቢውንና የጓሮውን አጥር ሰፋ አድርገው ያያሉ፤ የእነሱ ሥራ እንቅስቃሴ ማሳየት ነው። ዝቅ ያሉት እንዳይነቀሉ አንዱ ካሜራ ሌላውን እንዲያይ ተደረገ። የበሩን ካሜራ ሊነካ የመጣ ሰው በግቢው ካሜራ ይቀረጻል።

ከቆርቆሮው ጫፍ መውረዳቸው ሌላም ጥቅም ሰጠ። ሌሊት ካሜራው ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ያበራል። ብርሃኑ ቅርብ ያለ ቆርቆሮ ወይም ነጭ ግድግዳ ከነካ ተመልሶ ሌንሱን ያሳውረዋል። ምስሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። የሸረሪት ድርም እንዲሁ ያደርጋል። ጅማ ውስጥ በየጊዜው በጨርቅ ጠረግ ማድረግ የግድ ነው።

ማታ 12 ሰዓት

ሁሉም ተገጥሞ ቀን ላይ ሲታይ ሥራው አለቀ የሚያሰኝ ነበር። አራቱም ምስል ጥርት ብሏል። ማታ 12 ሰዓት አለፍ ሲል የመጋዘኑ ካሜራ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ መጣ። እንደገና ጠፋ። እስኪነጋ ድረስ እንዲሁ ሲጠፋና ሲመጣ አደረ። ሲነጋ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ቀኑን ሙሉ ሠራ። በሚቀጥለውም ማታ ያው ነው።

ልጁ ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ ከበሩ ካሜራ ጋር አቀያየራቸው። የተቀየረውም መጋዘኑ ጋ ሲደርስ ማታ ማታ ይጠፋል። በር ላይ የሄደው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ይህን ሲነግረኝ ነገሩ ገባኝ። የታመመው መንገዱ እንጂ ካሜራው አይደለም ማለት ነው። አቀያይሮ ማየቱ ትልቅ ብልሃት ነበር፤ ማንም ሰው አዲስ ካሜራ ከመግዛቱ በፊት ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው።

የባጃጁን ቴስተር ይዞ አመሻሹ ላይ መሰላል ላይ ወጣ። እኔ ከታች ባትሪ አበራሁለት። አዳፕተሩ ጋ ስንለካ 12 ቮልት ሞልቶ ነበር። ካሜራው ጋ ግን ገና ሳይጨልም 10 ቮልት ነው። መሸት ሲል ከካሜራው ውስጥ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ተሰማች። ይህች ድምፅ የቀኑ ማጣሪያ ከሌንሱ ኋላ ገለል ሲል የሚሰማ ነው። ወዲያው ኢንፍራሬዱ በራ። ቴስተሩ ላይ ያለው ቁጥር ወረደ፤ 9፣ ከዚያ 8 እና ነጥብ ጥቂት፣ ከዚያ ካሜራው ጨለመ። ካሜራው ሲጠፋ ቁጥሩ ተመልሶ 12 አጠገብ ደረሰ። ካሜራው ተነሣ፣ አሰበ፣ ጨለማ መሆኑን አየ፣ «ቀጭ» አለ፣ ቁጥሩ ወረደ። ዑደቱ ይኸው ነው። ልጁ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ባትሪው የደከመ ባጃጅ ሲነሣ እኮ ልክ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ካሜራው ቀን ላይ 3 ዋት አካባቢ ይበላል፤ ኢንፍራሬዱ ሲበራ ወደ 6 ዋት ይደርሳል። በ12 ቮልት 6 ዋት ማለት ግማሽ አምፔር ነው። 60 ሜትር ቀጭን ሽቦ ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ብዙ ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ቮልቱ ሲያንስ ካሜራው ያንኑ ዋት ለማግኘት ተጨማሪ አምፔር ይስባል። አምፔር ሲጨምር መንገድ ላይ የሚቀረው ይብሳል። በመጨረሻ ይወድቃል። የበሩ ካሜራ ለመቅጃው ቅርብ ስለሆነ ይህ አይደርስበትም።

ሽቦው ደግሞ ጉዳዩን አባብሶታል። ካርቶኑ ላይ ካት 6 ይላል። አንዱን ዘንግ በቢላ ስንፍቀው ቀዩ ቶሎ ተላጠና ነጭ ወጣ። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ንጹህ መዳብ ቢፈቅቁት እስከ ውስጡ ቀይ ነው። አሉሚኒየሙ ከመዳብ ይልቅ ከግማሽ በላይ የበለጠ ተቃውሞ አለው፤ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ራስ ሲገጠምበትም ንክኪው በጊዜ ይበላሻል። የኔትወርክ ኬብል ደረጃዎችም መዳብን እንጂ ይህን አይቀበሉም። ካርቶኑን ሲያነሱት መቅለሉም ይታወቃል። ገዥ በቢላ ጫፍ ትንሽ ፍቆ ማየቱ ነውር የለውም። ባለሱቁ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ የካሜራዎቹ ሳጥን ላይ «ፒኦኢ» ተብሎ ተጽፏል። በራሳቸው በኔትወርክ ኬብል ወደ 48 ቮልት ተቀብለው መሥራት ይችላሉ ማለት ነው። ይህ አሠራር ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደረጃ ወጥቶለታል፤ በአንድ ወደብ እስከ 15.4 ዋት ይልካል። በ48 ቮልት 6 ዋት ለማድረስ የሚፈሰው የአምፔር ስምንተኛ ብቻ ነው። መንገድ ላይ የሚቀረው ከአንድ ቮልት ብዙም አይበልጥም፤ ያም ከ48 ላይ ነው። ልጁ አዳፕተሮቹንና ጅራቶቹን መልሶ ባለ 8 ወደብ የፒኦኢ ስዊች (መረጃውንም ኃይሉንም በኬብሎቹ የሚያከፋፍል ሳጥን) ገዛ። ዕቃውን መልሶ ለተቀበለው ሱቅ ምስጋና ይግባው፤ ልዩነቱን ብቻ ነው ያስከፈለው። ሁለተኛ፣ የመጋዘኑ መስመር በንጹህ መዳብ ተቀየረ። ስዊቹ ብቻውን እንኳ ካሜራውን ሌሊቱን ሙሉ ባሠራው ነበር። እኔ ግን ያ ሽቦ መሬት ውስጥ እንዲቀበር አልፈለግሁም። ዛሬ ቢሠራ ነገ አይታመንም።

የኬብሉን ራስ ሲገጥም ልጁን ያስቸገረው የዘንጎቹ ቀለም ነው። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ ቀለሙ እንደፈለገ ቢደረደር ምንም አይደለም የሚል ሰው ብዙ አለ። አይሆንም። የተለመደው ትክክለኛ ተራ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሃል አድርጎ መያዙ ዝም ብሎ አይደለም። ምልክቱ የሚሄደው በተጠማዘዘ ጥንድ ነው፤ ጥንዱ ከተለያየ መብራት የሚያበራው ርካሹ መሞከሪያ «ደህና ነው» ይላል፣ ምስሉ ግን ይቆራረጣል።

ዝናቡና መብረቁ

ጅማ በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ አብዛኛው ከመጋቢት እስከ መስከረም ይወርዳል። ውሃ ኬብልን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ኬብሉ ካሜራው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ታጠፈ፤ ውሃው ከዚያ ይንጠባጠባል። ግድግዳው የተሰረሰረው ወደ ውጭ አዘቅዝቆ ነው። የካሜራው ማገናኛ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ሲሊኮኑ ከላይና ከጎን ተቀባ፣ ከታች ክፍት ተተወ። የገባ እርጥበት መውጫ ያስፈልገዋል። ኮርኒስ ውስጥ ያለው መስመር ሁሉ በቱቦ ሄደ። አይጥ ኬብል ይወዳል።

ከቤቱ ወደ መጋዘኑ ያለው መስመር መጀመሪያ በቆርቆሮው አጥር ላይ ነበር የተዘረጋው። ይህ ያስፈራኛል። መብረቅ ሲወድቅ፣ በቀጥታ ባይመታ እንኳ፣ በአጥሩና በረጅሙ ሽቦ ላይ የሚነሣው ቮልት መቅጃውን ያቃጥላል። አሁን መስመሩ በፕላስቲክ ቱቦ፣ አንድ ክንድ ያህል ጠልቆ ተቀብሯል። ወደ መጋዘኑ የሚሄደው የመብራት ሽቦ በሌላ ቦይ ነው። ሁለቱን በአንድ ቱቦ መክተት ለሰውም ለዕቃም አደገኛ ነው።

ተከራዮቹ

ስለዚህ ክፍል ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ካሜራ ሲተከል ቶሎ የሚረሳው ሰው ነውና። የግቢው ካሜራ ሰርቪስ ቤቶቹን በር ያያል። ከጎናቸው ያለውን መታጠቢያም ያያል። ከተከራዮቹ አንዷ ተማሪ መጥታ፣ «እትዬ፣ ፎጣ ለብሼ ስወጣ ማን እያየኝ እንደሆነ አላውቅም» አለች። እናትየው ደነገጡ። ካሜራውን ያስተከሉት ሌባ እንዲያይላቸው ነው እንጂ የሰው ልጅ እንዲያሳፍር አይደለም።

ካሜራው ወደ ግቢው መሃል ዞረ። ዞሮም መታየቱ ያልቀረው ማዕዘን በመቅጃው ቅንብር ውስጥ በጥቁር ተሸፈነ። ይህ መሸፈኛ ብዙ መቅጃዎች ላይ አለ፤ የተሸፈነው ቦታ አይቀረጽም። ማይክሮፎኑ ተዘጋ። የጎረቤት ግቢ የሚታይበትም ጥግ እንዲሁ ተሸፈነ። ከዚያ እናትየው ተከራዮቹን ሰብስበው ስክሪኑን አሳዩአቸው። ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ በዓይናቸው አዩ። ስልክ ላይ ከፍቶ የሚያየው እናትና ልጅ ብቻ እንደሆኑም ተነገራቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን የሰው ሁሉ መብት ያደርገዋል። የቤት ባለቤት መሆን ይህን አይሽረውም።

መቅጃው፣ መብራቱና ሰዓቱ

መቅጃው ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ሊቀመጥ ነበር። ሌባ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው። አሁን መኝታ ቤት፣ አየር በሚያስገባ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው። ከራውተሩና ከስዊቹ ጋር በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ተያይዟል። ሁሉም ተደምሮ 40 ዋት ገደማ ይበላል። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ትንሽ ዩፒኤስ አንድ ሰዓት ያህል ያቆየዋል። መብራት ከዚያ በላይ የሚጠፋበት ሌሊት አለ፤ ለዚያ ተለቅ ያለ ባትሪ ይፈልጋል።

የዲስኩ ቆይታ እንዲሁ ይሰላል። እያንዳንዱ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት እንዲቀዳ ሲደረግ አራቱ በቀን 86 ጊጋባይት ያህል ይሞላሉ። 2 ቴራባይት ወደ 23 ቀን ይቆያል። በ4 ሜጋቢት ቢሆን 11 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ አሮጌው ይደመሰሳል። ሰው ዕቃ መጥፋቱን አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ ቀኑ እንዲረዝም ተመረጠ።

የይለፍ ቃሉ የተቀየረው መቅጃው መጀመሪያ እንደበራ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ብዙ ካሜራና መቅጃ የያዘው ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል ስላልተቀየረ ነበር።

ሰዓቱ ላይ አንድ ሌላ ነገር ተገኘ። መቅጃው በፈረንጅ አቆጣጠር ይሠራል። እናትየው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ኮሽታ ሰማሁ» ሲሉ መቅጃው ላይ የሚፈለገው 02:00 ነው። ቀኑም ከእኩለ ሌሊት ይቀየርበታል፤ እሱ ረቡዕ ሲል በእኛ ግን ገና የማክሰኞ ሌሊት ነው። ልጁ የሰዓቱን መለወጫ በወረቀት ጽፎ ሳጥኑ ላይ ለጠፈ። ፖሊስ ቅጂ ቢጠይቅም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ተጽፎ እንዲሰጥ ተስማሙ።

ከዚያ ወዲህ

መጋዘኑ አልተሰበረም። ግን ካሜራው የጠቀመው በሌላ መንገድ ነው። ጀንፈል ተጭኖ ሲወጣ አንድ ጆንያ ጎደለ ተባለ። ዓይን ሁሉ እንደገና ያው የቀን ሠራተኛ ላይ ዞረ። የመጋዘኑ በር ካሜራ ተከፈተ። ጆንያዎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ተቆጠሩ፤ ሁሉም አሉ። መኪናው ላይ ነው የተሳሳተ ቁጥር የተያዘው። እናትየው ሰውየውን ጠርተው ስክሪኑን አብረው አዩ። ለኅዳሩም ጥርጣሬ ይቅርታ ጠየቁት።

አሁን የቀሩት ሦስቱ አጫጭር መስመሮች ገና በዚያው አሉሚኒየም ናቸው። ለጊዜው በ48 ቮልት ደህና እየሠሩ ነው። ዝናቡ ሳይከብድ፣ የቡናው ሒሳብ ሲገባ፣ ልጁ በመዳብ ሊቀይራቸው ካርቶን ኬብል አዟል። ከስዊቹ ፊት የሚቀመጥ የመብረቅ መከላከያና በትክክል የተተከለ የምድር ዘንግም አብረው ይገባሉ። ዘንጉን ፈቃድ ያለው የመብራት ባለሙያ እንዲተክለው ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል።